የኤሌክትሮኒክ ድራም የቤት ቀረጻ፦ የጀማሪ መሣሪያ ምርጫ

የኤሌክትሮኒክ ድራም የቤት ቀረጻ ከድራሙ ሞጁል የሚወጣውን ድምፅ ወይም የምት መረጃ ያለ ማይክሮፎን በቀጥታ ወደ ኮምፒውተር የማስገባት ሥራ ነው። ፓዱ ሲመታ በውስጡ ያለው ሴንሰር ምቱን ወደ ሞጁሉ ይልካል፤ ድምፁን የሚያወጣው ሞጁሉ ነው። በአዲስ አበባ ምዕራብ ጦር ኃይሎችን በመሰለ፣ የቀላል ባቡሩ መነሻ ጣቢያና የታክሲ ግርግር ባለበት ሰፈር ለሚኖር ድራመር የዚህ አቀራረጽ ጥቅም ግልጽ ነው፦ የመንገዱ ጩኸት ቀረጻው ውስጥ አይገባም።

መሣሪያው እዚህ የደረሰው ደረጃ በደረጃ ነው። ሲሞንስ የተባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ ታዋቂውን ኤስዲኤስ-5 የኤሌክትሮኒክ ድራም እ.ኤ.አ. በ1981 አወጣ፤ መሣሪያዎችን የሚያግባባው የሚዲ ስምምነት በ1983 ተከተለ፤ ሮላንድ ደግሞ በ1997 መረብ የለበሰ ፓድ ይዞ መጣ። በኢትዮጵያ ሙዚቃ የኤሌክትሮኒክ ምት የባንድ ድራመርን ሊተካ እንደሚችል ካሳዩት ሥራዎች አንዱ የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ሆኖ የሠራው ካሴት ነው። አኮርዲዮኑንና ኪቦርዶቹን ራሱ ሲጫወት ምቱን የያዘለት የድራም ማሽን ነበር።

ጀማሪ ገዢ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጥረው ፓድ ነው። መታየት ያለበት ግን የሞጁሉ መውጫ ነው። የዩኤስቢ ቀዳዳ አለው ማለት ድምፅ ይልካል ማለት አይደለም። ለምሳሌ የአሌሲስ ናይትሮ ሜሽ ዩኤስቢ የሚያስተላልፈው ሚዲ ብቻ ነው፤ ይኸውም የትኛው ፓድ፣ መቼ፣ በምን ያህል ኃይል እንደተመታ የሚናገር መረጃ ነው። የሮላንድ ቲዲ-17 ግን ድምፁንም ሚዲውንም በአንድ ገመድ ያደርሳል፤ ባለቤቱ ለድራሙ ብሎ ድምፅ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ሳውንድ ካርድ መግዛት አያስፈልገውም።

ሳውንድ ካርድ የሚያስፈልገው ሰው ሁለት የላይን መግቢያ ያለው መምረጥ አለበት፤ ስካርሌት 2አይ2 ወይም የቤሪንገር ዩኤምሲ202ኤችዲ ይበቃል። በርካሽነቱ የሚመረጠው ስካርሌት ሶሎ አንዱ መግቢያው ለማይክሮፎን ስለሆነ የሞጁሉን ግራና ቀኝ አብሮ ለመቅዳት አይመችም። ገመዶቹ ባለ 6.35 ሚሊሜትር ጃክ ናቸው። የሞጁሉን የሄድፎን መውጫ በላፕቶፑ የማይክ ቀዳዳ ላይ መሰካት ገንዘብ ይቆጥባል፤ ድምፁን ግን ይሰነጣጥቃል።

ግራና ቀኝ ሆኖ የተቀዳ ድራም አንድ ትልቅ ጉድለት አለው፦ ኪኩ (በእግር የሚመታው ድራም) ከጮኸ በኋላ እሱን ብቻ መቀነስ አይቻልም። ስለዚህ ድምፁንና ሚዲውን ጎን ለጎን መቅዳት ይመረጣል። ለእኛ አገር ሙዚቃ ሚዲው ከዚህም በላይ ይጠቅማል። ከፋብሪካ የሚመጡት ድምፆች ለሮክና ለፖፕ የተሰናዱ በመሆናቸው ከበሮ እምብዛም አይገኝባቸውም፤ የከበሮን ሰፊና ጠባብ ፊት ለየብቻ ቀድቶ በሚዲው ላይ ማስቀመጥ ግን ይቻላል። በኮምፒውተር ምት የሚያስተካክል ሰው መጠንቀቅ ያለበት ችክችካ ላይ ነው። ፕሮግራሙ በአራት በአራት ከከፈለው የስድስት ስምንተኛው አካሄድ ይፈርሳል፣ ዘፈኑም ያነክሳል።

ከሶፍትዌር ሪፐር ለ60 ቀን በነፃ ይሞከራል፤ ማክ ላላቸው ጋራዥባንድ አለ። በኮምፒውተሩ ድምፅ እየተመሩ ለመጫወት የሚፈለግ ከሆነ መዘግየቱ መታየት አለበት። በ48 ኪሎኸርዝ ላይ በ128 ሳምፕል ቋት (በፈር) ምክንያት ብቻ ወደ 2.7 ሚሊሰከንድ፣ በ1024 ግን ከ21 በላይ ይዘገያል፤ ይህ ለእጅ ይሰማል። ሞጁሉን ራሱን እየሰሙ የሚቀዱ ሰዎች በዚህ አይቸገሩም። ሄድፎኑ ባለገመድ ይሁን፤ ብሉቱዝ ስለሚዘገይ ለድራም አይሆንም።

በኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው መረብ ፓድ ስለገዛ ብቻ ጎረቤት አይሰማም ብሎ መገመት የለበትም። የፓዱ ድምፅ ከግድግዳ አያልፍ ይሆናል፤ የኪክ ፔዳሉ ምት ግን በወለሉ በኩል ታች ቤት ይወርዳል። ድራመሮች የለመዱት መፍትሔ በሁለት ጣውላ መሃል የቴኒስ ኳሶች ደርድሮ ድራሙን እላዩ ማቆም ነው፤ ከስስ ምንጣፍ እጅግ ይሻላል።

የመብራት መቆራረጥም የመሣሪያው ምርጫ አካል ነው። ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፤ ከዩኤስቢ ኃይል የሚወስደው ሳውንድ ካርድም እንዲሁ። የሚጠፋው ሞጁሉ ነው። ብዙዎቹ ሞጁሎች በትንሽ አዳፕተር ስለሚሠሩ አነስተኛ ዩፒኤስ ይይዛቸዋል። ለዋይፋይ ራውተር የሚሸጠውን ባትሪ መጠቀም የሚፈልግ ሰው ግን ቮልቱን፣ አምፔሩንና የሶኬቱን ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ከአዳፕተሩ ጽሑፍ ጋር ማመሳከር አለበት፤ የሮላንድ አዳፕተሮች መሃላቸው ኔጌቲቭ ነው፣ የብዙ ራውተሮች ግን ፖዘቲቭ።