ቀንድ አውጣና ገበታ፦ ስለ መብላትና ስለ አለመብላት ታሪክ

ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ የገፋፋኝ አንድ የልጅነት ትዝታ ነው። ያደግሁት በጠምባሮ፣ ሙዱላ ከተማ ዳር ነው። ክረምት ገብቶ ዝናቡ ሲበረታ ከጓሯችን እንሰት ሥር ቀንድ አውጦች ይወጣሉ። እኛ ልጆች ከቅጠሉ ጉያ፣ ውሃ ከሚያቁርበት ቦታ እየለቀምን በድንጋይ ላይ እናሰልፋቸው ነበር። ከመካከላችን አንዱ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነው። አንድ ቀን ከጓደኞቻችን አንዱ ትልቁን ቀንድ አውጣ አንሥቶ ወደ እሱ ወረወረና «እንካ፣ ለእራታችሁ» አለው። ሁላችንም ሳቅን፤ እኔም ስቄአለሁ። ልጁ ቀንድ አውጣውን ከመሬት አንሥቶ ወደ እንሰቱ ቅጠል መለሰውና ወደ ቤቱ ሄደ።

በአካባቢያችን ቀንድ አውጣ ሲበላ አይቼ አላውቅም፤ የሸክላ ሠሪዎቹ ቤተሰብም አይበላም ነበር። ታዲያ ቀልዱ እንዴት ሊያስቀን ቻለ? ማንም የማይበላው ነገር ሰውን ለመስደቢያ የሚሆነውስ በምን መንገድ ነው? እነዚህ ጥያቄዎች ከብዙ ዓመት በኋላም አልለቀቁኝም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ነገሩን ከስሙ፣ ከመጻሕፍቱና ከገበታው አንጻር ለመመልከት እሞክራለሁ።

በቅድሚያ ስሙን እንመልከት። «ቀንድ አውጣ» የሚለው ጥምር ቃል ላይ ላዩን ሲታይ ትእዛዝ ነው፤ «አውጣ» የሁለተኛ መደብ ነጠላ ተባዕት ትእዛዝ አንቀጽ ነውና። በእንግሊዝ፣ በፈረንሳይ፣ በጀርመን፣ በጣሊያንና በቻይና ልጆች ቀንድ አውጣን ቀንዱን እንዲያወጣ የሚለምኑበት ወይም የሚያስፈራሩበት የጨዋታ ግጥም አላቸው። እነሱ በግጥም ያሉትን አማርኛ በስሙ ውስጥ ከትቶታል ለማለት ያጓጓል። ሆኖም «ዓይን አውጣ» የሚለው ቃል በትይዩ ስለሚቆም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ኀፍረት የለሹን ሰው ዓይኑን እንዲያወጣ ያዘዘው የለም፤ ቃሉ ሰውየው የሚያደርገውን ነው የሚናገረው። ስለዚህ «ቀንድ አውጣ» ማለት «ቀንድ የሚያወጣ» ማለት ነው ብሎ መፍታቱ የሚሻል ይመስለኛል። የሚያስደንቀው ደግሞ የየብስ ቀንድ አውጣ ዓይኖቹ ያሉት በረጃጅሞቹ ቀንዶች ጫፍ ላይ መሆኑ ነው። ቀንዱን ሲያወጣ ዓይኑንም ያወጣል ማለት ነው። ግን ከእሱ የበለጠ ዓይን አፋር ፍጥረት የለም፤ ገና ሲነኩት ሁለቱንም ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል።

በመጻሕፍት በኩልም የቀንድ አውጣ ዕድል መሰወር ሆኗል። በዕብራይስጡ መዝሙረ ዳዊት፣ በምዕራፍ 58፣ የክፉዎች ጥፋት የሚመሰለው እየሟሟ በሚያልፍ ቀንድ አውጣ ነው። የሰብዓ ሊቃናት የግሪክ ትርጉም ግን በዚያው ቦታ (በእሱ ቁጥር በመዝሙር 57) የሚያስቀምጠው የሚቀልጥ ሰም ነው። የግእዙ ዳዊት ግሪኩን ስለሚከተል፣ በአገራችን ዳዊት የደገመ ሁሉ በዚህ ቦታ የሚያገኘው ሰሙን ነው። በቅኔ ቤት ሰምን ከወርቅ መለየት የሚማር ሰው ከዚህኛው ሰም በታች አንድ ቀንድ አውጣ መቀበሩን ላያስብ ይችላል። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ከተዘረዘሩት ርኩስ ተንቀሳቃሾች አንዱን የእንግሊዙ የ1611 ትርጉም ቀንድ አውጣ ሲለው ሌሎች ተርጓሚዎች የእንሽላሊት ዓይነት ይሉታል። እንግዲህ ክልከላው ቀጥታ በስም ተጽፎ መጣ ለማለት አያስደፍርም።

ስለ ምግብ ክልከላ ምንነት በአገራችን ከተጻፉት ሁሉ እጅግ የሚደንቀኝ ዐፄ ገላውዴዎስ እ.ኤ.አ. በ1555 ያዘጋጁት የሃይማኖት መግለጫ ነው። ጽሑፉ ኢትዮጵያውያን የአይሁድን ሥርዓት ይከተላሉ ለሚለው የካቶሊካውያን ወቀሳ የተሰጠ መልስ ነው። ንጉሡ ስለ እሪያ ሥጋ ሲናገሩ የማንበላው በኦሪት ሕግ ተገድደን አይደለም ይላሉ፤ የሚበላውን አንጸየፍም፣ የማይበላውንም ብላ ብለን አናስገድድም በማለት የጳውሎስን ቃል ለምስክርነት ይጠራሉ። ግርዘትንም የአገር ልማድ አድርገው ፊትን ከመብጣትና ጆሮን ከመብሳት ጋር ያነጻጽሩታል። በአጭሩ ንጉሡ ገበታን ከእምነት ለይተው በልማድ መዝገብ ውስጥ አስገብተውታል። ክርክሩ የተጻፈው ለውጭ ሰው ነው። በአገር ውስጥ፣ በጎረቤትና በጎረቤት መካከል፣ «የሚበላውን አንጸየፍም» የሚለው ቃል ምን ያህል ሠርቷል የሚለውን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ቀንድ አውጣን መብላት በራሱ እንግዳ ነገር አይደለም። በደቡብ አፍሪካ ቦርደር ኬቭ በተባለው ዋሻ የተገኙ የተቃጠሉ ቅርፊቶች እንደሚያመለክቱት ሰዎች ትልልቅ የየብስ ቀንድ አውጦችን እየጠበሱ መብላት የጀመሩት ከ170 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ ይህ ጥናት የታተመው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። በቱኒዝያና በአልጄሪያ የካፕሲያን ዘመን ሰዎች የበሉት ቀንድ አውጣ ቅርፊት ከአመድ ጋር ተከምሮ ጉብታ ሠርቷል። በሮማውያን ዘመን ፉልቪየስ ሊፒኑስ የተባለ ሰው ቀንድ አውጣን በአጥር ከልሎ ያረባ እንደነበር ፕሊኒ ጽፏል። በግሪክ ኦርቶዶክስ ምእመናን ዘንድ፣ በተለይም በቀርጤስ፣ ቀንድ አውጣ ደም የለውም ተብሎ በዐቢይ ጾም ይበላል። ለእኛ ጾም ለሚይዘው ሰው ይህ ሳያስቀው አይቀርም።

የኢትዮጵያን ጉዳይ ለማንሣት በድሬዳዋ አጠገብ ወደሚገኘው ፖርክ ኤፒክ ዋሻ መሄድ ይገባል። ዋሻውን ዴዝሞንድ ክላርክና ኬኔት ዊልያምሰን ቆፍረውታል። ከዚያ የወጣውን የእንስሳት ቅሪት የመረመሩት ዘላለም አሰፋና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት 419 የቀንድ አውጣ መክደኛዎች መገኘታቸውን ገለጹ። መክደኛ ማለት አንዳንድ የቀንድ አውጣ ዓይነቶች ወደ ውስጥ ሲገቡ በሩን የሚዘጉበት ጠንካራ ክዳን ነው። ክዳኖቹ መካከላቸው የተበሳ ስለሆነ ተመራማሪዎቹ እንደ ጨሌ ሳያገለግሉ አልቀሩም ይላሉ። እንግዲህ በእኛ ምድር ቀንድ አውጣ በታሪክ ገጽ ላይ ጎልቶ የሚታየው በአንገት ላይ ነው።

ሁለተኛው ታዋቂ ገጹ ደግሞ የጠላትነት ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው ውሃ ብዙ ቀንድ አውጦች ሞተው አገኙ። የበሽታው ተሕዋስ የሚራባው በውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ በመሆኑ ይህ ትዝብት ትልቅ ምርምር አስከተለ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አስገኘላቸው። የእኔ ትውልድ ተማሪ ስለ ቀንድ አውጣ በትምህርት ቤት የተማረው ይህንኑ ነው።

የአዘገጃጀቱ ነገር ጥቂት ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ብዙው ሰው ቀንድ አውጣ የሚበላ ሕዝብ ከቅጠል ላይ አንሥቶ የሚውጥ ይመስለዋልና። ፈረንሳዮች በመጀመሪያ ቀንድ አውጦቹን ለብዙ ቀናት ያስጾሟቸዋል ወይም ዱቄትና ፉርሽካ ብቻ ይመግቧቸዋል፤ ይኸውም መርዛም ቅጠል በልተው ከሆነ ሆዳቸው እንዲጠራ ነው። ከዚያ በጨውና በኮምጣጤ ልጋጋቸውን አጥበው ይቀቅሏቸዋል፤ ሥጋውን ከቅርፊቱ አውጥተው በቅቤና በነጭ ሽንኩርት እንደገና ያበስሉታል። በሞሮኮ ገበያ በልዩ ልዩ ቅመም ተቀቅሎ ከነመረቁ በጎድጓዳ ሳሕን ይሸጣል። በጋናና በናይጄሪያ የትልልቆቹ ቅርፊት ተሰብሮ ልጋጉ በሎሚ ይታጠብና ሥጋው በበርበሬ ይጠበሳል።

ይህን ሳነብ ወደ አእምሮዬ የመጣው እናቴ እንሰት ስትፍቅ ነው። እንሰት በቁሙ ምግብ አይደለም። ግንዱ ይፋቃል፣ ሥሩ ይደቀቃል፣ ተጨምቆ ቡላው ይለያል፤ የቀረው በጉድጓድ በቅጠል ተጠቅልሎ ለሳምንታት፣ ብዙ ጊዜም ለወራት ይቀበራል። ሲወጣ ሽታው ለማያውቀው ሰው የሚደፈር አይደለም። ከሰሜን የመጣ እንግዳ ከጉድጓድ የወጣን ነገር እንዴት ትበላላችሁ ብሎ አፍንጫውን ሲይዝ አይቻለሁ። እኛም በዚያው አፍንጫ ሌላውን እናሸት ነበር።

በከምባታ፣ በሀዲያና በጉራጌ ሸክላ ሠሪዎች፣ ቆዳ ፋቂዎችና እንጨት ጠራቢዎች «ፉጋ» እየተባሉ ተገልለው ኖረዋል። ስሙ በራሱ ስድብ ሆኖ ስለቆየ እዚህ የምጠቅሰው ለታሪኩ ስል ብቻ ነው። መሬት አልነበራቸውም፤ ከገበሬው ጋር አይጋቡም፣ ከቤት አይገቡም፣ በአንድ ዕቃ አይበሉም። ለዚህ ሁሉ የሚሰጠው ምክንያት ሳይታረድ የሞተ ከብትና የተከለከለ የዱር እንስሳ ሥጋ ይበላሉ የሚል ነበር። በጣና ዳር የሚኖሩት ወይጦዎችም እስላም ነን ቢሉም ጉማሬ በላችሁ ተብለው በክርስቲያኑም በእስላሙም ተንቀዋል። ዲና ፍሪማንና አሉላ ፓንክረስት ስለ ተገለሉ የኢትዮጵያ ማኅበረሰቦች ያዘጋጁት፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው መጽሐፍ ተመሳሳይ ታሪክ በብዙ ቦታ መኖሩን ያሳያል።

የእኔ አስተያየት ምግቡ የመገለሉ ምክንያት ሳይሆን ማስረጃ ተብሎ በኋላ የቀረበ ነው የሚል ነው። ለዚህም የቀንድ አውጣው ቀልድ በቂ ምስክር ይመስለኛል። ማንም ያልበላውን ነገር «የእናንተ ምግብ ነው» ማለት የተቻለው የሰዎቹ ቦታ አስቀድሞ ስለተወሰነ ነው። ደግሞም ገበሬው የሚጋግርበትን ምጣድ፣ ውሃ የሚቀዳበትን እንስራና ቡና የሚያፈላበትን ጀበና የሠሩት እነዚሁ እጆች ናቸው። እጁ የሠራው ጀበና ንጹሕ ሆኖ፣ እጁ የነካው ሲኒ የሚረክስበትን አመክንዮ በኦሪትም በፍትሐ ነገሥትም ማግኘት አይቻልም። በእኛ ቤት ለሸክላ ሠሪዋ ቡና የሚሰጣት ከደጅ፣ ለእሷ ብቻ በተቀመጠ ጠርዙ የተሸረፈ ሲኒ ነበር፤ ቆሎው ደግሞ በእንሰት ቅጠል። እናቴ ክፉ ሴት አልነበረችም። ሲኒውን ከሌሎቹ ለይታ በጭቃው ግድግዳ ቀዳዳ ውስጥ ታስቀምጠው ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ለሸክላ ሠሪዎችም የመሬት በር ከፈተ፤ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትም በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ጀመሩ። ጋብቻውና ገበታው ግን ወደ ኋላ ቀሩ።

ያንን ልጅ ትልቅ ሰው ሆነን በሙዱላ የገበያ ቀን አገኘሁት። ስለዚያች ቀን ያስታውስ እንደሆነ ፈራ ተባ እያልኩ ጠየቅሁት። «ቀንድ አውጣውን አስታውሳለሁ» አለኝ። «ቤት ገብቼ እናቴን እንበላለን ወይ ብዬ ጠየቅኋት። እሷም ‹ማን ነው ያለህ?› አለችኝ እንጂ አንበላም አላለችኝም።» ይቅርታ ጠየቅሁት። ቤት ሄደን ቡና እንድንጠጣ ለመንሁት፤ እሺ ብሎ መጣ። ባለቤቴ ሲኒዎቹን ደርድራ ስትቀዳ፣ እሱ ግን የራሱን ከማንሣቱ በፊት ጠርዙን በጣቱ ዞር አድርጎ ዳሰሰው።