ፎርፌ፤ ሳይጫወቱ የተገኘ ድል

የጅቡቲ ከተማ ካርቲየ 2 ነዋሪ በአንድ ቀን ውስጥ ሶማሊኛ፣ አፋርኛ፣ ዐረብኛ፣ ፈረንሳይኛና አማርኛ ሲነገር ይሰማል። የሚኖርበት ሰፈር መጠሪያም ቢሆን፣ ቁጥሩ ሲቀር፣ ፈረንሳይኛ ነው። ከዚያው ቋንቋ የመጣ፣ አማርኛ ተናጋሪው ግን የራሱ አድርጎ የያዘው ሌላ ቃል አለ፤ ፎርፌ። ተጋጣሚው ከሜዳ ሲቀር ወይም በጥፋቱ ከውድድር ሲሰረዝ፣ ሌላው ወገን «በፎርፌ አሸነፈ» ይባላል።

አማርኛ ለአንድ ወገን ያደላ ድል የቃል ድህነት የለበትም። በጦር ሜዳ «ድባቅ መታ»፣ «ደመሰሰ» ይላል። በቡጢ ግጥሚያ «በዝረራ አሸነፈ» ይላል፤ ዘረረ ማለት በቁሙ መሬት ላይ አጋደመ ማለት ነውና። እንግሊዝኛም እንዲሁ ነው። ተቃዋሚን ጠራርጎ የወሰደ የምርጫ ድልን «ላንድስላይድ» ብሎ ከተራራ በሚናድ መሬት ይመስለዋል። «ዎክ ኦቨር» የሚለው ደግሞ ከፈረስ ግልቢያ የመጣ ነው፤ በውድድሩ አንድ ፈረስ ብቻ ሲቀርብ፣ ባለፈረሱ ሽልማቱን ለመውሰድ በሜዳው ላይ በእርምጃ ማለፍ ብቻ ይበቃው ነበር። የአማርኛው ፎርፌ የቅርብ ዘመዱ ይህ የመጨረሻው ነው። በዝረራ የወደቀ ሰው አለ፤ በፎርፌ ግን የወደቀ አይታይም።

የቃሉ አመጣጥ ግን ከዚህ የጠለቀ ነገር ይናገራል። የአማርኛው አነጋገር ከእንግሊዝኛው «ፎርፊት» ይልቅ ከፈረንሳይኛው ጋር ይገጥማል። ይህም አያስደንቅም፤ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የገባው የጅቡቲ ባቡር ጣቢያውን «ለገሃር» አሰኝቶ የቀረው በዚሁ ቋንቋ ነው። በጥንታዊው ፈረንሳይኛ ቃሉ የጨዋታ ቃል አልነበረም፤ ከተፈቀደው ውጭ የተሠራ፣ ማለትም በደልና ወንጀል ማለት ነበር። እንግሊዞች ወስደው በጥፋት ምክንያት የሚታጣ ንብረትና መብት መጠሪያ አደረጉት። ፈረንሳዮችም መልሰው ሲዋሱት፣ ፈረሱን ከውድድር ያስቀረ ሰው የሚከፍለው መቀጫ ሆነ። ከዚያ ወደ ስፖርት ሁሉ ተሻገረ። እንግዲህ የፎርፌ ሥሩ የአሸናፊው ዕድል ሳይሆን የተሸናፊው በደል ነው።

ይህ የተረሳ ትርጉም በኢትዮጵያ የእግር ኳስ ታሪክ ውስጥ አንድ ጊዜ በግልጥ ታይቷል። በየካቲት 1949 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1957) የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በካርቱም ተዘጋጀ። የአፍሪካን የእግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የመሠረቱት አራት አገሮች ግብጽ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ግብጽ ከሱዳን፣ ኢትዮጵያም ከደቡብ አፍሪካ እንዲጋጠሙ ታሰበ። ይሁን እንጂ የአፓርታይድ ሥርዓት የሰፈነባት ደቡብ አፍሪካ ወይ የነጮች ወይ የጥቁሮች ቡድን እንጂ ቅልቅል ቡድን ለመላክ ፈቃደኛ ሳትሆን ቀረች። የቀሩት መሥራቾችም ይህን አንቀበልም አሉ። ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ወጣች፤ ኢትዮጵያም አንድ ኳስ ሳትመታ ለፍጻሜ አለፈች።

የካቲት 9 ቀን በተደረገው የፍጻሜ ግጥሚያ ግብጽ ኢትዮጵያን 4 ለ 0 አሸነፈች፤ አራቱንም ግቦች ያስቆጠረው አድ-ዲባ የተባለው አጥቂ ነበር። በአንድ ሳምንት ውስጥ ኢትዮጵያ ከሁለቱም ዓይነት የቀለለ ድል ጋር ተገናኘች ማለት ነው፤ አንዱን ሳትጫወት አገኘች፣ ሌላውን ተጫውታ ለሌላ ሰጠች። የውጤቱን ሰሌዳ ብቻ የሚያይ ሰው ፎርፌው ባይኖር ኢትዮጵያ እዚያ ባልደረሰች ነበር ሊል ይችላል። ነገር ግን ያ ፎርፌ በነጻ የተገኘ አልነበረም። ገና አራት አባላት ብቻ ያሉት ማኅበር በውልደቱ ቀን አንዱን አባል ለማጣት መቁረጡ ቀላል ውሳኔ አይደለም።

ከመሥራቾቹ አንዱ የነበሩት ይድነቃቸው ተሰማ ይህን አቋም እስከ ዕለተ ሞታቸው አልለቀቁም። ከ1972 ጀምሮ የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው እ.ኤ.አ. በ1987 እስካረፉ ድረስ አፓርታይድን በዓለም አቀፍ የስፖርት መድረኮች ተዋግተዋል። ፊፋም ደቡብ አፍሪካን በ1976 ከአባልነት አስወጣ።

ኢትዮጵያ በሜዳ የታገለችበትን ድል ያገኘችው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1962) አዲስ አበባ ላይ ነው። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ፣ ተጋጣሚዋም ያችው ግብጽ ነበረች። ሁለት ጊዜ ተመርታ ሁለት ጊዜ አቻ ከሆነች በኋላ፣ በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ባስቆጠሯቸው ግቦች 4 ለ 2 አሸነፈች። ዛሬ በየቤቱ የሚወሳው ይህ ነው፤ በፎርፌ የተገኘውን የሚያነሳው ጥቂት ነው።

ነገሩ ግን የተዘጋው ከ39 ዓመት በኋላ ነው። ደቡብ አፍሪካ በ1992 ወደ ዓለም አቀፉ እግር ኳስ ተመለሰች፤ በ1996 የአፍሪካን ዋንጫ በአገሯ አዘጋጅታ፣ በፍጻሜው ቱኒዚያን 2 ለ 0 አሸነፈች። ዋንጫውን ከፍ አድርጎ ያነሣው ነጩ አምበል ኒል ቶቪ ሲሆን፣ ሁለቱንም ግቦች ያስቆጠረው ማርክ ዊሊያምስ ነበር። በካርቱም የተጠየቀው ቅልቅል ቡድን ይህ ነው። ይድነቃቸው ግን ይህን ሳያዩ ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብለው አርፈው ነበር።