ከደንገል ንጣፍ እስከ ሣጥን መቀመጫ፦ የጣና ጀልባና የጭነቱ ታሪክ

በጣና ሐይቅ ላይ ዓሣ አጥማጁ የሚቀመጥበትና ዕቃውን የሚያኖርበት ስፍራ ታሪክ ከጀልባው አሠራር ተነጥሎ ሊጻፍ አይችልም፤ ለብዙ ዘመናት ሐይቁን ሲያቋርጥ የኖረው ታንኳ፣ ማለትም ደንገል ከሚባለው ረጅም የውኃ ዳር ተክል በነዶ በነዶ ታስሮ የሚሠራው ጀልባ፣ መቀመጫን ከማከማቻ፣ ማከማቻንም ከጀልባው አካል ለይቶ አያውቅም ነበርና። ከመቀመጫ ሥር የሚበጀው የጣውላ ወይም የላሜራ ሣጥን በዚህ ሐይቅ ዘግይቶ የደረሰ ነገር ነው፤ ለመዘግየቱ ምክንያቱን ከአናጺ ማጣት ይልቅ በታንኳው በራሱ ጠባይ ውስጥ መፈለግ ይገባል።

የደንገል አገዳ ውስጡ ለስላሳና አየር የተሞላ በመሆኑ ነዶው በራሱ ይንሳፈፋል። የጣውላ ጀልባ የሚንሳፈፈው ውኃ እንዳይገባበት አግዶ ሲሆን፣ ታንኳ ግን በየስፌቱ ውኃ ቢዘልቀውም ወዲያው አይሰጥምም፤ ሆኖም ግርጌው ምንጊዜም ስለሚርስ ከውጨኛው አካል በላይ ሌላ ወፍራም የደንገል ንጣፍ በውስጡ ይደለደላል። በዚህ ንጣፍ ላይ ቀዛፊው ይቀመጣል፣ የዘጌ ቡናና የማገዶ እንጨት ይጫናል፣ ወደ ደሴት ገዳማት የሚሻገር እህል ከርጥበት ይጠበቃል፤ ታንኳውም በንጣፉ ምክንያት ይበልጥ ይንሳፈፋል። አንድ ነገር ይህን ሁሉ ሲሠራ ሣጥን ምን ያደርጋል ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። ቢፈለግ እንኳ የሚያያዝበት አልነበረም፤ ደንገል ምስማር አይይዝም፣ የሚያውቀው ማሰሪያ ገመድ ብቻ ነው።

ሌላው ምክንያት የታንኳው ዕድሜ ነው። ውኃ የጠጣ ታንኳ ከጉዞ በኋላ ወደ ዳር ተጎትቶ ፀሐይ ላይ ካልደረቀ ይከብዳል፣ ቀስ በቀስም ይበሰብሳል፤ ተጠብቆም ቢሆን የሚያገለግለው ለወራት እንጂ ለዓመታት አይደለም። ስለዚህ የማከማቻው ነገር ከሰውየው ጋር የሚሄድ ሆነ፤ ስንቁ በአገልግል፣ ውኃው በቅል፣ እህሉ በአቅማዳ ተይዞ ይገባል፣ ከሰውየውም ጋር ይወርዳል። ጀልባ ላይ ተመትቶ የሚቀር ሣጥን ለመሥራት ጀልባው ራሱ ዓመታት መቆየት አለበት። የታንኳ ሥራ ቀዳሚ ባለሙያዎች ነገደ ወይጦ የሚባሉት የሐይቁ ዳር ነዋሪዎች ናቸው፤ እነዚህ ሰዎች በቀድሞ ዘመን በታንኳ ጉማሬ ያድኑ ነበር፣ ሥጋውንም በመብላታቸው ከጎረቤቶቻቸው ንቀት ደርሶባቸዋል። ሐይቁን ያሻገረው ሙያ ለባለሙያው ክብር አለማስገኘቱ በኢትዮጵያ የእጅ ሥራ ታሪክ ውስጥ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሸማኔውም፣ ሸክላ ሠሪዋም፣ አንጥረኛውም ተመሳሳይ ዕጣ ነበራቸው።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ስለ ጣና የደንገል ጀልባዎች ጽፈዋል፤ የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስም በ1770ዎቹ መጀመሪያ አካባቢውን ባየ ጊዜ ያገኘው ይህንኑ ዓይነት ጀልባ ነበር። ታንኳን ከዐቅሙ በላይ ለመውሰድ የሞከሩት ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው፤ በ1866 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳም በሐይቁ ዳር ባለችው ቆራጣ ሳለ፣ በሰው እጅ የሚዞር መንኮራኩር ያለው ትልቅ የደንገል ጀልባ አሠርተዋል። ሐሳቡ የእንፋሎት መርከብን የሚከተል ቢሆንም አካሉ ደንገል ነበር፤ መንኮራኩር ደግሞ ጠንካራ አጥንት ያለው ጀልባ ይፈልጋል።

የደንገል ዐቅም ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ በሌላ ውኃ ላይ ተፈተነ። የኖርዌዩ ተመራማሪ ቶር ሄየርዳል በ1969 እ.ኤ.አ. አትላንቲክን በደንገል ጀልባ ለመሻገር ሲነሣ ተክሉ በግብፅ ጠፍቶ ስለ ነበር ከጣና አስጭኖ ወስዷል፤ በቻድ ሐይቅ ባለሙያዎች የታሰረችው «ራ» ውኃ እየጠጣች ተጎድታ ከመድረሻዋ በፊት ስትተው፣ በቦሊቪያ የቲቲካካ ሐይቅ ባለሙያዎች የሠሯት «ራ 2» በ1970 እ.ኤ.አ. ከሞሮኮ ተነሥታ በ57 ቀናት ባርቤዶስ ደርሳለች። ከሁለቱ ጀልባዎች የሚታየው የተክሉ ሳይሆን የአስተሳሰሩ ልዩነት ነው።

በጣና ላይ ለውጡን ያመጣው ግን ሞተር ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የብረት ጀልባዎች በሐይቁ ላይ መታየት ጀምረው ነበር፤ ለአጥማጁ ወሳኙ ዓመት ደግሞ 1986 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በኔዘርላንድ በጎ አድራጊዎች በተደገፈ የዓሣ ሀብት ልማት ፕሮግራም የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ የገቡበት ነው። ከዚህ በኋላ አጥማጁ ከስንቁ በተጨማሪ የቤንዚን ጀሪካን፣ ትርፍ ካንዴላ፣ ፒንሳ፣ የተጠቀለለ መረብና የእርሳስ ክብደት ይዞ መውጣት ነበረበት፤ እነዚህም እርጥብ ወለል ላይ ሊበተኑ የማይገባቸው ናቸው። ከአንዱ የጀልባ ጎን ወደ ሌላው የሚያልፈው የመቀመጫ ጣውላ የሰው ማረፊያ ከመሆኑም በላይ ሁለቱን ጎኖች ወጥሮ ይይዛል፤ ከሥሩ ያለው ባዶ ቦታ በጣውላ ወይም በላሜራ ሲዘጋና ክዳን በማጠፊያ ሲገጠምለት ሣጥን ይሆናል። በሌላው ዓለም የመዝናኛ አጥማጆች በአንድ ምሰሶ ላይ የሚሽከረከር ወንበር ሲጠቀሙ ይታያል፤ እንዲህ ያለው ምሰሶ የተቀማጩን ክብደትና መወዛወዝ በአንድ ነጥብ ላይ ስለሚያሳርፍ ወለሉን ሊነቅል ይችላል፣ ሰፊ ሣጥን ከሥሩ ሲደረግ ግን ጫናው ይከፋፈላል። ያም ሆኖ ሣጥኑ ከወለሉ ትንሽ ካልተነሣና ውኃ የሚወጣበት ቀዳዳ ከሌለው የብረት ዕቃ ይዝግበታል፤ ከባዱም ዕቃ ከታችና ከመሐል ካልሆነ ጀልባው ያዘነብላል።

ሞተሩና የናይለን መረቡ አጥማጁን ከዳር ርቆ ወደ ጥልቁ ውኃ አድርሰውታል። በጣና ብቻ የሚገኙ ዝርያዎች ያሉት የላቤዮባርበስ ወገን፣ በተለምዶ ነጭ ዓሣ የሚባለው፣ በ1991 እና በ2001 እ.ኤ.አ. መካከል የአዋቂዎቹ ብዛት በ75 በመቶ መቀነሱን የዓሣ ተመራማሪዎች መዝግበዋል፤ ከምክንያቶቹም ዋነኛ ያሉት ዓሦቹ ለመራባት በወንዝ አፍ ሲሰበሰቡ በመረብ መያዛቸውን ነው። ሞተር መግዛት ያልቻለው አጥማጅ ዛሬም በታንኳ ከዳር ዳር ያጠምዳል፤ ይሁንና የሐይቁ ዳር እየታረሰ ደንገሉ በመሳሳቱ ለነዶው የሚታጨደውን እንኳ ርቆ መፈለግ ግድ እየሆነበት ነው።