ጥቅማጥቅም ሲነካ፦ ከፑልማን ከተማ ታሪክ የምንማረው

የአንድ ድርጅት ገቢ ሲቀንስ የሒሳብ ሠራተኛ በመጀመሪያ የምትጠየቀው "ከየት እንቀንስ?" የሚለውን ነው። ደመወዝ መንካት ያስፈራል፤ ሕግም አለበት። ስለዚህ ጣት የሚቀሰረው ጥቅማጥቅም ወደሚባለው መደብ ነው፦ ወደ ሻይና ዳቦው፣ ወደ ሰርቪሱ፣ ወደ ሕክምናው፣ ወደ ቤት አበሉ። ወረቀት ላይ ሥራው ቀላል ነው። አንድ መስመር ይሰረዛል፣ ድምሩም ይስተካከላል። ከዚያ በኋላ በሠራተኛው ልብ ውስጥ የሚሆነው ግን በመዝገብ ላይ አይታይም። እሱን ለማየት ታሪክ ይረዳል። እኔ የመረጥኩት ከ130 ዓመት በፊት በአሜሪካ፣ በቺካጎ አጠገብ የሆነውን ነው፤ የኩባንያው ቁጥሮች በመንግሥት አጣሪ ኮሚሽን ተመርምረው ለሕዝብ ስለወጡ ነገሩን በማስረጃ ማየት ይቻላል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጆርጅ ፑልማን ለባቡር መንገደኞች አልጋ ያላቸውን ምቹ ፉርጎዎች በመሥራትና በማከራየት የከበረ ሰው ነበር። በ1880 ከቺካጎ በስተደቡብ በሰፊ መሬት ላይ ፋብሪካና የሠራተኞች ከተማ መገንባት ጀመረ፤ ከተማዋም በስሙ ፑልማን ተባለች። በዚያ ዘመን አብዛኛው የቺካጎ ሠራተኛ በተጨናነቀና ንጽሕና በጎደለው ሰፈር ይኖር ነበር። በፑልማን ግን የጡብ ቤት፣ የቧንቧ ውሃ፣ የጋዝ መብራት፣ መናፈሻ፣ ትምህርት ቤት፣ ቲያትር ቤትና ቤተ መጻሕፍት ነበሩ። ከሩቅ አገር ሳይቀር ጎብኚ እየመጣ ያደንቃት ነበር።

ይሁን እንጂ ከተማዋ ስጦታ አልነበረችም። ፑልማን ለግንባታ ያወጣው ገንዘብ በዓመት 6 ከመቶ እንዲመልስለት አስቦ ነበር፤ የተገኘው ግን ከዚያ ያነሰ ነበር። ቤተ መጻሕፍቱን ለመጠቀም በዓመት 3 ዶላር ይከፈላል። የቤተ ክርስቲያኑ ሕንፃ እንኳ ኪራይ ስለሚጠየቅበት ለዓመታት ባዶውን ቆሟል። ሠራተኛው የሚኖርበትን ቤት መግዛት አይችልም። ኮሚሽኑ በኋላ እንዳረጋገጠው ኪራዩ በአካባቢው ካሉ ተመሳሳይ ቤቶች ከ20 እስከ 25 ከመቶ ይበልጥ ነበር። ቢሆንም ሥራ እስካለና ደመወዙ እስከበቃ ድረስ ሰው ቻለው።

በ1893 በአሜሪካ ታላቅ የገንዘብ ቀውስ ደረሰ። የፉርጎ ትእዛዝ ስለቀነሰ ኩባንያው ብዙ ሰው አሰናበተ፤ የቀሩትንም ደመወዝ በአማካይ 25 ከመቶ ያህል ቀነሰ። ኪራዩ ግን ባለበት ቆመ፤ አንድ ሳንቲም አልወረደም። የኩባንያው መልስ "አሠሪነታችን ሌላ፣ አከራይነታችን ሌላ" የሚል ነበር። በሒሳብ አያያዝ ሁለቱን በየመደባቸው መለየት ትክክል ነው። ለሠራተኛው ግን ከፋዩም ተቀባዩም አንድ ሰው ነው፤ በአንድ እጁ ደመወዝ ሲቀንስ በሌላው እጁ ሙሉ ኪራይ ይጠይቀዋል። ኪራይ ተቀንሶለት ለቤተሰቡ የሚተርፈው ጥቂት ሳንቲም ብቻ የሆነ ሠራተኛ ነበር።

ከእነዚህ ሠራተኞች አንዷ ጄኒ ከርቲስ ትባላለች። ለፉርጎዎቹ ምንጣፍና መጋረጃ በሚሰፋበት ክፍል የምትሠራ ወጣት ነበረች። አባቷ በኩባንያው ለብዙ ዓመታት ሠርቶ ሲሞት 60 ዶላር ያህል ያልተከፈለ ኪራይ ቀርቶበት ነበር። ኩባንያው ያንን ዕዳ ከእሷ ከተቀነሰው ደመወዝ ላይ እንድትከፍል አደረገ። ጄኒ የሴት ሠራተኞች የማኅበር ቅርንጫፍ መሪ ሆና ይህንኑ በባቡር ሠራተኞች ጉባኤ ፊት ቆማ ተናገረች። ከዚያ ጉባኤ በኋላ ነው የፑልማን ጉዳይ የአገሪቱ ሁሉ ጉዳይ የሆነው።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ እንሂድ። እስከ ሐምሌ 1893 መጨረሻ በነበረው በጀት ዓመት ኩባንያው ለደመወዝ 7,223,719 ዶላር፣ ለባለአክሲዮኖች የትርፍ ድርሻ ደግሞ 2,520,000 ዶላር ከፈለ። በሚቀጥለው ዓመት፣ ማለትም በቀውሱ ዓመት፣ ደመወዙ ወደ 4,471,701 ዶላር ወረደ። የትርፍ ድርሻው ግን ወደ 2,880,000 ከፍ አለ። የደመወዙ ወጪ 38 ከመቶ ሲቀንስ የባለአክሲዮኖቹ ድርሻ 14 ከመቶ ጨመረ ማለት ነው። ለእውነቱ ያህል፣ በደመወዙ ቅናሽ ውስጥ የተሰናበቱት ሰዎችና አድማ የነበረባቸው ሳምንታትም ይገኙበታል። ነገር ግን ኩባንያው በዚያን ጊዜ ያልተከፋፈለ 25 ሚሊዮን ዶላር ያህል ትርፍ በእጁ ነበረው፤ የኃላፊዎቹም ደመወዝ አልተነካም። ሠራተኛው እነዚህን ቁጥሮች በዝርዝር ባያውቅም ሸክሙን ማን እንደተሸከመ፣ ማን እንዳልተሸከመ ግን በዓይኑ ያይ ነበር።

በግንቦት 1894 የሠራተኞች ኮሚቴ አቤት አለ። በማግስቱ ከኮሚቴው አባላት ሦስቱ ከሥራ ታገዱ። ኩባንያው "ሥራ ስለሌለ ነው" ቢልም ያመነው አልነበረም። ግንቦት 11 ቀን ሠራተኛው ሥራ አቆመ። በሰኔ ወር መጨረሻ የባቡር ሠራተኞች ማኅበር አባላት የፑልማን ፉርጎ ያለበትን ባቡር አንነካም አሉ፤ የአገሪቱ የባቡር እንቅስቃሴ በብዙ ቦታ ተቋረጠ። ሽማግሌዎች ነገሩ በዳኝነት እንዲታይ ሲጠይቁ ኩባንያው "ለዳኝነት የሚቀርብ ነገር የለንም" አለ። የፌደራል መንግሥት ጦር ላከ፣ ወደ 30 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ፣ የማኅበሩ መሪዎች ታሰሩ፣ አድማውም ተሸነፈ። በነሐሴ የኢሊኖይ አገረ ገዥ ከተማዋን ሲጎበኙ ከ1,000 በላይ ቤተሰብ ተርቦ አገኙ።

አሜሪካ ያላችሁ ደጋፊዎቻችን ዘመን መለወጫችን ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት የምታርፉበት የሠራተኞች ቀን ብሔራዊ በዓል እንዲሆን የወጣው ሕግ የተፈረመው በዚሁ አድማ መካከል፣ ሰኔ 28 ቀን 1894 ነው።

ፑልማን አድማውን ቢያሸንፍም ከተማውን አላዳነም። እሱ በ1897 ሞተ፤ በሚቀጥለው ዓመት የኢሊኖይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኩባንያው ለፋብሪካው የማያስፈልጉትን የከተማዋን ቤቶች እንዲሸጥ አዘዘ።

በዚያን ጊዜ ለማስታረቅ ከሞከሩት አንዷ ጄን አዳምስ ነበረች። በቺካጎ የድሆች ሰፈር ሐል ሐውስ የተባለውን መረዳጃ ቤት የመሠረተችና በኋላም በ1931 የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኘች ሴት ናት። ስለ ፑልማን በጻፈችው ድርሰት ሰውዬውን ልጆቼ አላመሰገኑኝም ብሎ ከሚቆጣው ከሼክስፒሩ ንጉሥ ሊር ጋር አመሳስላዋለች። እንደ እሷ አስተያየት የፑልማን ስሕተት ደግነት ማጣቱ ሳይሆን ለሠራተኛው ምን እንደሚበጀው ራሱን ሠራተኛውን ሳይጠይቅ መወሰኑ ነው። ሲሰጥ አልጠየቀም፤ ሲከፋ ደግሞ አልሰማም። የሰጠው ሁሉ ውለታ እንዲሆንለት ፈለገ፤ ሠራተኛው ግን የላቤ ዋጋ ነው ብሎ ያስብ ነበር።

እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ጥቅማጥቅም ከተለመደ በኋላ የሰው ኑሮ አካል ይሆናል። ሰርቪስ አለ ብላ ራቅ ያለ ቤት የተከራየች ሠራተኛ ሰርቪሱ ሲቀር የምታጣው የታክሲ ሒሳብ ብቻ አይደለም፤ ልጇን ትምህርት ቤት የምታደርስበትን ሰዓትም ታጣለች። ሁለተኛ፣ ሰው ከቅነሳው ይልቅ አድልዎ ያንገበግበዋል። ችግር ሲመጣ ከላይ ያለውም እንደ አቅሙ ከቀነሰ ሠራተኛው ይታገሣል፤ የእሱ ሻይ ቀርቶ የአለቃው መኪና ሲቀየር ግን ልቡ ይሸፍታል። ሦስተኛ፣ የተቀነሰው ወዲያው በቁጥር ይታያል፤ በቅነሳው ምክንያት የሚጠፋው ግን የሚታየው ዘግይቶ ነው። ቀስ ብሎ የሚሠራ እጅ፣ የሚሰናበት ልምድ ያለው ሠራተኛ፣ ለአዲስ ሰው ማሠልጠኛ የሚወጣ ገንዘብ በሌላ መደብ፣ በሌላ ዓመት ይመዘገባሉ። ቅነሳውን ያጸደቀ ሰው ወጪው ከእሱ ውሳኔ እንደመጣ ላያውቅ ይችላል።

ይህን የምጽፈው የራሳችንም ጉዳይ ስለሆነ ነው። ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርበው በጀት ጠበብ ያለ ነው። የሠራተኞቻችን የትራንስፖርት አበል እንዲቀነስ፣ ለሠልጣኝ እናቶች የከፈትነው የልጆች ማቆያም በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ እንዲከፈት ሐሳብ ቀርቧል። ፈጽሞ አይቀነስ አልልም፤ የሌለ ገንዘብ አይከፈልም። የምጠይቀው ከመወሰናችን በፊት ገቢና ወጪው በግልጽ ተጽፎ ለሠራተኞቹና ማቆያውን ለሚጠቀሙት እናቶች እንዲቀርብ፣ የቱ ቢቀር እንደሚሻልም እነሱ እንዲናገሩ ነው። የቦርድ አባላት የስብሰባ አበልና የመስተንግዶ ወጪም በዚያው ዝርዝር ላይ ይግባ። ደጋፊዎቻችንም ሪፖርት ስትጠይቁን ምን ያህል እንደቆጠብን ብቻ ሳይሆን ከማን ላይ እንደቆጠብን ጠይቁን። ዝርዝሩን አዘጋጅቼ ከጉባኤው ሁለት ሳምንት በፊት በጽሕፈት ቤታችን ሰሌዳ ላይ እለጥፋለሁ፤ መጥታችሁ እዩት።