የሞት ሃዲድ፦ በካንቻናቡሪ የተቀበሩትና መቃብር ያጡት

በምዕራብ ታይላንድ፣ በካንቻናቡሪ ከተማ ዳር ወንዙን የሚሻገረው የብረት ድልድይ በዓለም ላይ ስማቸው ከሚጠራ ድልድዮች አንዱ ነው። ዝናውን ያገኘው ግን ከራሱ ታሪክ አይደለም። ፈረንሳዊው ደራሲ ፒየር ቡል እ.ኤ.አ. በ1952 ልብ ወለድ ጻፈበት፤ ዴቪድ ሊን በ1957 ወደ ፊልም ለወጠው፤ ፊልሙም ሰባት የኦስካር ሽልማቶች ወሰደ። የተቀረጸው ደግሞ ታይላንድ ውስጥ ሳይሆን በዛሬዋ ስሪላንካ ነው። ደራሲው ድልድዩን በኳይ ወንዝ ላይ አቆመው፤ እውነተኛው ድልድይ የነበረው ግን በሜ ክሎንግ ላይ ነው። ፊልሙን ያየ ጎብኚ ሁሉ የኳይን ድልድይ እያለ ቢመጣ፣ በ1960 ድልድዩ ባለበት በኩል ያለው ወንዝ ስሙ ተቀይሮ ክዌ ያይ ተባለ። አንድ ልብ ወለድ የወንዝ ስም ማስቀየር ከቻለ፣ በዚያ ሃዲድ ላይ ያለቁትን ሰዎች ምን ያህል እንደጋረዳቸው መገመት አያዳግትም።

ከጓደኞቼ ጋር ቦርሳችንን በጀርባችን አዝለን የተነሣነው ከባንኮክ፣ ከቻኦ ፕራያ ወንዝ ማዶ ካለው የቶንቡሪ ጣቢያ ነው። ወደ ካንቻናቡሪ የሚወስደው ባቡር ሦስተኛ ማዕረግ ነው፤ መስኮቱ ወለል ብሎ የተከፈተ፣ ጣሪያው ላይ ማራገቢያ የሚሽከረከርበት፣ ሻጮች ምግብና ውኃ ይዘው ከፉርጎ ፉርጎ የሚመላለሱበት። ከመካከላችን አንዱ የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ አባቱ ዕድሜያቸውን በምድር ባቡር ሥራ ያሳለፉ። አንዷ ሐኪም ናት። እሱ የሃዲዱን አሠራር ሲመረምር፣ እሷ ሰዎቹ በምን እንደሞቱ ስትጠይቅ፣ እኔ ደግሞ ስማቸው የት እንደተጻፈ ስፈልግ ነበር የሰነበትነው።

ኖንግ ፕላዱክ ከሚባለው መገንጠያ በኋላ ያለውን ሃዲድ ያነጠፉት የጦር ምርኮኞችና የተጋዙ የቀን ሠራተኞች ናቸው። ጃፓን በ1942 በርማን ስትይዝ ለጦሯ ስንቅና ጥይት የምትልከው በባሕር፣ በሲንጋፖር ዞራ ወደ ራንጉን ነበር። በዚያው ዓመት ጁን ወር በሚድዌይ ውጊያ አራት አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦቿን ካጣች በኋላ ግን የባሕሩ መንገድ ለሰርጓጅ መርከቦች ጥቃት ተጋለጠ። ስለዚህ ከታይላንድ ተነሥቶ በርማ ውስጥ እስካለችው ታንቢዩዛያት ድረስ 415 ኪሎ ሜትር ሃዲድ በጫካና በገደል መካከል ለመዘርጋት ቆረጠች። ከአዲስ አበባ ደሴ ካለው መንገድ ጥቂት ይበልጣል። እንግሊዞች ቀደም ብለው አካባቢውን አጥንተው፣ በጣም አስቸጋሪ ነው ብለው የተዉት ሥራ ነው። ጃፓኖች ከሁለቱም ጫፍ ጀመሩ፤ ከአንድ ዓመት ተኩል ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ ኦክቶበር 17 ቀን 1943፣ ሁለቱ ጫፎች ኮንኮይታ ላይ ተገናኙ።

የምርኮኞቹ ጉልበት የተገኘው ከሲንጋፖርና ከጃቫ ነው። ሲንጋፖር ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1942 እጅ ስትሰጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የብሪታንያ፣ የአውስትራሊያና የሕንድ ወታደሮች ተማረኩ። ከተማረኩት ጄኔራሎች አንዱ ሉዊስ ሂዝ ነው፤ ለኛ አካባቢ እንግዳ ሰው አይደለም። ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በመጋቢት 1933 ዓ.ም.፣ አምስተኛውን የሕንድ ክፍለ ጦር እየመራ ከረን ላይ የጣሊያንን መከላከያ ከሰበሩት አዛዦች አንዱ እሱ ነበር። ያው ክፍለ ጦር በግንቦት አምባላጌ ላይ የአኦስታው መስፍን እጅ ሲሰጥ ከአሸናፊዎቹ ጋር ነበረ፤ እ.ኤ.አ. በ1944 ደግሞ ኢምፋልና ኮሂማ ላይ ተሰልፎ የተዋጋው ይህ ሃዲድ ስንቅ ሊያቀብለው ከተሠራለት የጃፓን ጦር ጋር ነው። ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ጎጃምን አቋርጦ የመጣው፣ አዲስ አበባ ላይ ትምህርት ቤት በስሙ የተሰየመለት ኦርድ ዊንጌትም የመጨረሻ ጦርነቱ በርማ ውስጥ ነበር፤ ማርች 1944 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ሰው የኢትዮጵያ ነፃነት ጦርነትና የእስያው ጦርነት የተራራቁ ይመስሉታል። ያው ሰዎች፣ ያው ክፍለ ጦሮች ናቸው የተዋጉባቸው።

በሃዲዱ ላይ ከ60 ሺህ በላይ ምርኮኞች ተሰማሩ፤ እንግሊዞች፣ ሆላንዶች፣ አውስትራሊያውያን፣ ጥቂት መቶ አሜሪካውያን። ከአምስቱ አንዱ ያህል አልተመለሰም። ሐኪሟ ጓደኛችን በካንቻናቡሪ ባየነው ሙዚየም ውስጥ ከአንድ ሰሌዳ ፊት ብዙ ቆመች። ወባ፣ ተቅማጥ፣ ኮሌራ፣ ሩዝ ብቻ ከመብላት የሚመጣው ቤሪቤሪ፣ ከቀርከሃ ጭረት ተነሥቶ እስከ አጥንት የሚዘልቀው የሞቃት አገር ቁስል። ምርኮኛ ሐኪሞች የቁስሉን የበሰበሰ ሥጋ በማንኪያ ይፍቁ ነበር። ለኮሌራ ሕመምተኞች የጨው ውኃ ራሳቸው አጣርተው፣ በቀርከሃ ቀጭን ቱቦ ወደ ደም ሥር ያስገቡ ነበር። «ይህን ያደረጉ ሰዎች ውኃ ማፍላትና መጸዳጃ መቆፈርን እንደ ወታደራዊ ትእዛዝ ያስከብሩ ነበር፤ ብዙውን ሰው ያዳነው እሱ ነው» አለችን። ይህች አነጋገሯ በኋላ ለምናየው ነገር ሁሉ መፍቻ ሆነችኝ።

የካንቻናቡሪ የጦር መቃብር ከተማዋ መሐል ነው። ሣሩ የተከረከመ፣ በየድንጋዩ መካከል አበባ የተተከለ፣ አትክልተኞች ከጠዋት ጀምሮ የሚሠሩበት ሰፊ ሜዳ። ከ5 ሺህ በላይ የብሪታንያና የኮመንዌልዝ ወታደሮች፣ 1,896 ሆላንዶች ተቀብረውበታል። እያንዳንዱ ድንጋይ ላይ ስም፣ ማዕረግ፣ ክፍለ ጦር፣ የሞተበት ቀንና ዕድሜ አለ። ሃያ ሁለት፣ ሃያ አራት፣ ሃያ ስድስት እያልን እያነበብን አለፍን። ብዙዎቹ ድንጋዮች ግርጌ ቤተሰብ የመረጠው አጭር ቃል ተቀርጿል። በሁለት መቃብሮች ውስጥ ደግሞ ኒኪ በሚባለው የምርኮኞች ሰፈር የሞቱ፣ አብዛኞቹም በ1943 ሜይና ጁን በኮሌራ ያለቁ የ300 ሰዎች አመድ በአንድ ላይ አርፏል። የእነሱም ስም አልጠፋም፤ ተጽፏል።

ይህ ሁሉ ሥርዓት በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ምርኮኞቹ መኮንኖች ነበሯቸው፤ መኮንኖቹም ማን መቼ እንደሞተ፣ የት እንደተቀበረ በድብቅ ይመዘግቡ ነበር። ጦርነቱ እንዳበቃ፣ በ1945 መጸው፣ ከምርኮኞቹ መካከል የተውጣጣ ቡድን በዚያው ሃዲድ ተሳፍሮ መቃብሮቹን ለመፈለግ ወጣ። በ144 የመቃብር ቦታዎች ከ10 ሺህ በላይ መቃብሮችን አገኘ። ዐፅሞቹ ተሰብስበው በካንቻናቡሪ፣ ከወንዙ ማዶ ባለው ቹንግካይ እና በታንቢዩዛያት በክብር ዐረፉ። ለዚያ ቡድን አስተርጓሚ ሆኖ የሄደው ታካሺ ናጋሴ፣ በካንቻናቡሪ የጃፓን ወታደራዊ ፖሊስ አስተርጓሚ የነበረ ሰው ነው። ያየው ነገር ዕድሜ ልኩን አልለቀቀውም። በ1993፣ ምርመራና ግርፋት ሲፈጸምበት ያስተረጉምለት ከነበረው እንግሊዛዊ ምርኮኛ ከኤሪክ ሎማክስ ጋር እዚያው ድልድዩ አጠገብ ተገናኝተው ይቅርታ ጠየቀው፤ ሎማክስም ከጊዜ በኋላ ይቅር አለው።

አሁን ወደ ሌሎቹ እንምጣ። በሃዲዱ ላይ ከምርኮኞቹ በብዙ እጥፍ የሚበልጡ የእስያ ሠራተኞች ነበሩ፤ ከማላያ የጎማ ተክል እርሻዎች የመጡ ታሚሎች፣ በርማውያን፣ ጃቫውያን፣ ማላዮች፣ ቻይናውያን። መጀመሪያ ላይ በጥሩ ደመወዝና በአጭር ጊዜ ውል እየተባበሉ መጡ። የሃዲዱ ወሬ ሲሰማ ፈቃደኛ ሲጠፋ ከመንገድና ከየእርሻው እየታፈሱ ተጋዙ። ሚስትና ልጆች ይዘው የመጡም ነበሩ። መኮንን የላቸውም፣ የራሳቸው ሐኪም የላቸውም፣ መዝገብ የሚይዝላቸው ሰው የለም። ውኃ አፍልታችሁ ጠጡ የሚላቸውም እምብዛም አልነበረም። ኮሌራ በ1943 ክረምት ወደ ሰፈሮቻቸው ሲገባ ጤነኛው ወደ ጫካ ሸሸ፤ ሕመምተኛው በተኛበት ቀረ። ከምርኮኞቹ ወደ 13 ሺህ የሚጠጉ ሲሞቱ፣ ከሠራተኞቹ የሞቱት ከ80 ሺህ እስከ 100 ሺህ ይገመታሉ። በዚህ ግምት ጫፍና ጫፍ መካከል ያለው ልዩነት ብቻውን 20 ሺህ ሰው ነው። በካንቻናቡሪው መቃብር ከተቀበሩት ሁሉ ሦስት እጥፍ ሊጠጋ የሚደርስ ሕዝብ ይኑር አይኑር አልታወቀም ማለት ነው።

እኔን ያንገበገበኝ ይህ ነው። ግፉን የፈጸመው የጃፓን ጦር መሆኑ አያጠራጥርም፤ መርሳቱን ግን ጃፓን ብቻዋን አልፈጸመችውም። ማላያ የብሪታንያ፣ ጃቫ የሆላንድ ቅኝ ግዛት ነበሩ። ሁለቱ መንግሥታት ለወታደሮቻቸው በየጫካው መቃብር ሲያስሱ፣ ለሠራተኞቹ እንዲህ ያለ ፍለጋ አላደረጉም። ብሪታንያ ሃዲዱን ለታይላንድ ሸጠችው። የሠራተኞቹ አስከሬን ከሃዲዱ ግራና ቀኝ እንደተቀበረ ቀረ። በ1990 በካንቻናቡሪ አንድ የሸንኮራ አገዳ ማሳ ሲቆፈር በመቶዎች የሚቆጠር ዐፅም በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ተገኘ፤ ከእነዚሁ ሠራተኞች እንደሆነ ይታመናል።

ከከተማው ወደ ናም ቶክ የሚወስደውን ባቡር ስንይዝ፣ ድልድዩን እንደተሻገርን የድሬዳዋው ልጅ ቅስት ቅርጽ ያላቸውን የብረት ክፍሎችና መሐል ላይ ያሉትን ማዕዘናዊ ክፍሎች አሳየን። ቅስቶቹ በጦርነቱ ጊዜ ከጃቫ ተነቅለው የመጡ ናቸው፤ ማዕዘናዊዎቹ በአውሮፕላን ድብደባ የፈረሰውን ለመተካት ከጦርነቱ በኋላ የገቡ። ዋንግ ፖ ስንደርስ ባቡሩ እንደ እግረኛ ማዝገም ጀመረ። በአንድ በኩል ገደሉ ትከሻ ይነካል፣ በሌላ በኩል ክዌ ኖይ ወንዝ ከታች ይታያል፤ ሃዲዱ በእንጨት ምሰሶዎች ላይ ተንጠልጥሎ ገደሉን ይታከካል። ጓደኛችን ወደ ውጭ አጎንብሶ ምሰሶዎቹን ሲያይ ቆየና፣ «የጅቡቲን ሃዲድ የዘረጉትስ ሰዎች ስማቸው የት ተጽፎ ይሆን?» አለ። ማናችንም መልስ አልነበረንም።

ናም ቶክ የሃዲዱ መጨረሻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ከጦርነቱ በኋላ ተነቅሏል። ቀጥሎ በመኪና፣ ሃዲዱን ለማሳለፍ አለት ወደተቆረጠበት ሄልፋየር ፓስ («የገሃነም እሳት ማለፊያ») ይደረሳል። ምርኮኞቹ ስሙን ያወጡለት በሌሊት በቀርከሃ እሳትና በኩራዝ ብርሃን እየተገረፉ ሲሠሩ ከላይ ለሚያየው ገሃነም ይመስል ስለነበር ነው። የተቆረጠው አለት እስከ 26 ሜትር ይጠልቃል። መሣሪያው መዶሻ፣ የብረት መብሻና ድማሚት ነበር፤ አንዱ መብሻውን ይይዛል፣ ሌላው ይመታል፣ በተበሳው ጉድጓድ ድማሚት ይጎረሳል፣ የፈረሰውን ድንጋይ በእጅና በቅርጫት ያወጡታል። ሥራው ኤፕሪል 1943 ተጀምሮ በኦገስት አለቀ። በአለቱ ላይ የመብሻው ቀዳዳዎች ዛሬም ይታያሉ፤ አንዱ ውስጥ ተሰብሮ የቀረ ብረት አለ። የአውስትራሊያ መንግሥት በ1998 እዚህ መታሰቢያ ሙዚየም ከፍቷል። ምርኮኞቹን ያክም የነበረው ቀዶ ሐኪም ኤድዋርድ ደንሎፕ በ1993 ሲሞት ከአመዱ ከፊሉ ወደዚህ መጥቷል። መንገዱ ንጹሕ ነው፣ መግለጫው የተሟላ ነው፤ አንድ አገር ልጆቹን እንዴት እንደሚያስታውስ ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ለሠራተኞቹስ? ድልድዩ አጠገብ የጃፓን ጦር ራሱ በ1944 ያቆመው ሐውልት አለ፤ ለሞቱት ሁሉ ተብሎ በበርካታ ቋንቋዎች ተጽፎበታል። ገዳዮቻቸው ካቆሙላቸው ውጭ ለብዙ ዓመታት ይህ ነው የሚባል አልነበራቸውም። ከጦር መቃብሩ አጠገብ ባለው ዋት ታዎን ዋራራም በሚባለው የቡድሃ ቤተ መቅደስ ቅጥር ውስጥ ግን ስማቸው ያልታወቀ ሠራተኞች ዐፅም የተሰበሰበበት መታሰቢያ አለ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ የማሌዥያ ታሚሎች፣ የሟቾቹ የልጅ ልጆች፣ በራሳቸው ጥረት የመታሰቢያ ድንጋይ እዚያ አቁመዋል። ሽማግሌዎችን እየጠየቁ ስም የሚያሰባስቡም አሉ። በጣም ዘግይቷል፤ ሆኖም ትክክለኛው ሥራ ይህ ነው።

ወደ ታይላንድ የምትሄዱ አንባቢዎች፣ ካንቻናቡሪን ሳታዩ አትመለሱ። ድልድዩን እዩ፣ ፎቶግራፋችሁንም ተነሡ። በጦር መቃብሩ ውስጥ እየተዘዋወራችሁ የወጣቶቹን ስም አንብቡ። ከዚያ ወጥታችሁ ወደ ዋት ታዎን ዋራራም ሂዱ፤ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው የሚወስደው። አብዛኛው ጎብኚ አያውቀውም። በዚያ ሃዲድ ከሞተው ሰው አብዛኛው ግን የሠራተኞቹ ወገን ነው፤ አበባ ይዛችሁ ከሆነ እዚያ አኑሩት።