ማሽላው ጉድጓድ ከገባ በኋላ

ውጭ አገር ሄዶ ታሪክና ባህል ለማየት የሚመቸው ወቅት መቼ ነው? የጉዞ ድርጅቶችን ብትጠይቁ መልሳቸው አንድ ዓይነት ነው፤ አውሮፓና ቱርክ ከሆነ ሚያዝያና ግንቦት፣ ካልሆነም መስከረምና ጥቅምት። ሙቀቱ ልከኛ፣ ሰልፉ አጭር፣ ሆቴሉም ረከስ ይላል። መልሱ ልክ ነው። ግን የሚያወራው ስለሚደረስበት አገር ብቻ ነው፤ ስለሚነሱበት አገር ምንም አይልም።

ምዕራብ ሐረርጌ፣ እንደ ቦኬ ባለ የማሽላና የቡና አገር ላደገ ሰው ይቺ ጉድለት ቶሎ ትታየዋለች። ሚያዝያ እኮ ማሽላ የሚዘራበት ነው። መስከረምና ጥቅምት ደግሞ እሸቱን ከወፍና ከዝንጀሮ መጠበቅ አለ፤ ቡናውም መቅላት ይጀምራል። ሰው ልቡ ሳይሰጋ ከቤቱ መራቅ የሚችለው ማሽላው ታጭዶ፣ ተወቅቶ ጉድጓድ ከገባ በኋላ ነው። እኛ አገር እህል የሚቀመጠው መሬት ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ ነዋ። ያ ጊዜ ጥርና የካቲት ነው፤ ለአውሮፓ ጎብኚ ከሁሉ የከፋው ብርድ።

የድሮ መንገደኛ ግን በጥርና በየካቲት መሄዱ አልጎዳውም፣ እንዲያውም ጠቀመው። ከሐረርጌ ደጋ ወደ ዘይላና ወደ በርበራ የሚወርደው ሲራራ ነጋዴ የባሕሩን ነፋስ ጠባይ ያውቅ ነበር። የበርበራ ትልቁ ገበያ የሚቆመው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ድረስ ብቻ ነበር። በዚያ ወራት ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ የሕንድንና የዓረቢያን ጀልባዎች ያመጣል። በጋው አልፎ የደቡብ ምዕራቡ ነፋስ ሲነሳ ጀልባው ይሄዳል፣ ሰዉ ይበተናል፣ ከተማዋም ባዶ ትቀራለች። የቀይ ባሕር ደቡባዊ ክፍልም እንዲሁ ነው፤ በበጋችን ነፋሱ ወደ ሰሜን ይገፋል፣ በክረምታችን ይገለበጥና ወደ ደቡብ ይነፍሳል። በጥር ወይ በየካቲት ወደ ጅዳ ሸራ የዘረጋ ሰው የመንገዱን ብዙውን ክፍል ነፋስ ከኋላው ሆኖ ይሸኘዋል። እርሻውና ባሕሩ ተማክረው የሰጡት ፈቃድ ይመስላል።

ጨረቃ ግን አልተማከረችም። ሐጅ በጨረቃ አቆጣጠር ስለሚውል በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ገደማ ወደኋላ ይሄዳል፤ በ33 ዓመት ወቅቶችን ሁሉ ዞሮ ይመለሳል። በሥራዬ ከቀን ጋር ብዙ ስለምታገል (የፕሮግራመርን ራስ ከሚያዞሩ ነገሮች አንዱ ካላንደር ነው) ሦስቱን አቆጣጠሮች ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ አጭር ኮድ ጽፌ ነበር። 1916 ዓ.ም. ላይ ስደርስ ቆም አልኩ። የዚያ ዓመት የዓረፋ ቀን የዋለው ሐምሌ 5 ገደማ ነው። የጨርጨር ሐጃጅ ያን ዓመት መሄድ የነበረበት በዝናብ፣ በጭቃ፣ በአረም ወራት፣ ያውም ወደ ሒጃዝ ሐሩር ነው። በመርከብ ቢሄድ እንኳ ማሳውን ለሌላ ሰው መተው ግድ ነበር። ከሐጁ ሁለት ወር ሳይሞላ ደግሞ የሱዑዲዎች ጦር ጣኢፍን ያዘ፣ በጥቅምት መካም ገባ።

1916 ላይ የቆምኩት ለሌላም ምክንያት ነው። በዚያው ክረምት ሌላ ኢትዮጵያዊ መንገደኛ ውጭ ነበር። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ሚያዝያ 8 ቀን ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሱ። መሥመሩ አዲስ አበባ ከደረሰ ገና ሰባት ዓመቱ ነው፤ አዋሽን ተሻግሮ በሚኤሶ፣ በጭሮ ደጋ ግርጌ አልፎ ድሬዳዋ፣ ከዚያ ጅቡቲ ይወርዳል። ደጋው ላይ ያለው ገበሬ ማሽላውን እየዘራ ሳለ ማለት ነው። ፋሲካ ሚያዝያ 19 ነበር፤ ራስ ተፈሪ በዓሉን በኢየሩሳሌም አከበሩ። ከዚያ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ስቶክሆልም፣ ሮም፤ በሐምሌ ለንደን፤ በኋላም ጄኔቫና አቴንስ። የተመለሱት አዲስ ዓመት ሊገባ ቀናት ሲቀሩት ነው።

የጉዞ ድርጅት ቢያወጣው ከዚህ የተሻለ ፕሮግራም አያወጣም፤ ኢየሩሳሌም በፋሲካ፣ ስቶክሆልም በረጅሙ ቀን። ግን እኔን የሚስበኝ የአገር ቤቱ በኩል ነው። ክረምት ማለት ወንዝ የሚሞላበት፣ መንገድ የሚዘጋበት፣ ጦር የማይንቀሳቀስበት ጊዜ ነው። ሥልጣኑ ገና ላልጸና አልጋ ወራሽ ከአገር ለመውጣት ከዚህ የተሻለ ወቅት አይገኝም። ያም አልበቃም፤ የጎጃሙን ራስ ኃይሉንና የትግራዩን ራስ ሥዩምን አብረው ይዘዋቸው ሄዱ። ወቅቱን በዚህ ስሌት መረጡ ብሎ የጻፈ ሰው አላነበብኩም፤ ግምቱ የራሴ ነው። ግን ሁለቱን መኳንንት ሆን ብሎ ይዞ የሄደ ሰው ዝናቡን ረስቶታል ብዬ አላምንም።

ከለንደን የተገኘው ነገር ደግሞ የሌላ ወቅት ታሪክ ያስታውሳል። እንግሊዞች ከመቅደላ ከወሰዱት ዘውድ በወርቅ የተለበጠውን የብር ዘውድ ለንግሥት ዘውዲቱ መለሱ፤ የወርቁን ለራሳቸው አስቀሩ። ያን ዘውድ የወሰደው የናፒየር ጦር ወቅት ሲመርጥ ጎበዝ ነበር። በበጋ ገባ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 መቅደላን ያዘ፣ ክረምቱ ሳይደርስበት ወደ ባሕር ሮጠ። ሲሮጥ ከወሰዳቸው መካከል አንድ ትንሽ ልጅ ነበር። ሕንድ አድጎ ሐኪም ሆነ፤ እኛ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ የምንለው ነው። ይህ ሰው በ1920ዎቹ የጨርጨር ገዢ ሆነ፤ አሰበ ተፈሪ፣ የዛሬዋ ጭሮ፣ የዚያ አርአያ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች። የመጀመሪያውን የውጭ ጉዞውን ወቅት እሱ አልመረጠም።

ዛሬ ነፋሱም ወንዙም ሥልጣናቸው ቀርቷል፤ ወቅቱን የሚመርጠው የቪዛ ቀጠሮ ነው። የሸንገን ማመልከቻ ከጉዞው ከስድስት ወር በፊት አይቀበሉም፤ ከ15 ቀን በታች ሲቀረውም ረፍዷል። በዚያ መሀል ቀጠሮ ያገኘ ሰው "ግንቦት ይሻለኛል" እያለ አያማርጥም። ከወዲያ የሚመጡትም ያው ናቸው። የልጆቻቸው ትምህርት ቤት የሚዘጋው በሐምሌና በነሐሴ ስለሆነ የአያቶቻቸውን አገር የሚያዩት በጭቃና በጉም ነው። ጥምቀትን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ፣ ክረምቱን ግን አብጠርጥሮ የሚያውቅ ስንት ወጣት አለ!

እኔን ብትጠይቁኝ ጥርን እመርጣለሁ። ኢስታንቡል በጥር ይበርዳል፣ ይዘንባልም፤ ሙዚየም ውስጥ ግን አይዘንብም፣ ሰልፉም ከሚያዝያው ያጥራል። አገር ቤት ደግሞ ማሽላው ገብቷል፣ ቡናው ተሸጧል፣ ቤተሰብ ደውሎ "መቼ ነው የምትመጣው?" አይልም።

ኮዱን ወደፊት ሳስኬደው ደግሞ ሐጁ እየቀረበ ነው። በ2018 ግንቦት ላይ የሚውለው ዓረፋ በየዓመቱ ወደኋላ እየተንሸራተተ በ2026 እና በ2027 የካቲት ውስጥ ይገባል፤ በ2028 ጥር ላይ ይደርሳል። ለቦኬ ሐጃጅ ማሽላው ጉድጓድ ገብቶ፣ የቡናው ገንዘብ ገና እጁ ላይ እያለ ማለት ነው።