የጣና ታንኳ ወለል፤ ስለ ዕቃው ምርጫ የቀረበ ታሪካዊ ሐተታ

በጣና ሐይቅ ላይ ከደንገል የሚሠራው ታንኳ፣ ጫፍና ጫፉ ሾጠጥ ብሎ ወደ ላይ የተቀለበሰ በመሆኑ፣ ከሩቅ ለሚያየው ሰው እንደ ማንኛውም ትንሽ ጀልባ ይመስለዋል። ቀርቦ ለመረመረው ግን ሁለት ነገር ይገለጥለታል። አንደኛው፣ ውሃ በታቹም በጎኑም ያለ ከልካይ የሚገባበት መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ሰውና ጭነት ከዚህ ውሃ በላይ የሚቀመጡት በሆዱ ውስጥ በተነጠፈ ወፍራም የደንገል ወለል ላይ መሆኑ ነው። የውጭው ቅርፅ ለዓይን የሚያምረውን ያህል የታንኳው ሸክም፣ ዕድሜና ደኅንነት የሚታወቀው በዚህ በማይታየው ወለል ነው። ወለሉ ባረጀ ጊዜ ምን ይነጠፍበት የሚለው ጥያቄም ከጥንት ጀምሮ ባለታንኳውን ሲያሳስብ የኖረ ነው። መልሱ ደግሞ ሐይቁ በተለወጠ ቁጥር አብሮ ተለውጧል።

ከሳንቃ የተሠራ ጀልባ የሚንሳፈፈው ውሃን ከውጭ በማስቀረቱ ነው። ሳንቃው ከሳንቃው ጋር ተገጥሞ፣ ስንጥቁ ተደፍኖ፣ ሆዱ አየር ይዞ ይቆማል። በእንዲህ ያለው ጀልባ ውስጥ ወለል ማለት ከላይ የተጨመረ መረገጫ ነው፤ ተግባሩም የሰውን እግር ከታች ከሚጠራቀመው ውሃ ማራቅና የጭነቱን ክብደት ለጀልባው አካል ማካፈል ነው። አናጢው ስለዚህ የሚፈልገው የማይሰበር፣ ቶሎ የማይበሰብስና የማያንሸራትት እንጨት ነው። ወለሉ ቢነቀል እንኳ ጀልባው መንሳፈፉን አይተውም። በታንኳ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ታንኳ ውሃን አይከለክልም፤ የሚንሳፈፈው ደንገሉ ራሱ በውስጡ በያዘው አየር ነው። እንግዲህ ወለሉ መረገጫ ብቻ ሳይሆን ከተንሳፋፊው አካል አንዱ ክፍል፣ ምናልባትም ዋነኛው ነው ማለት ይቻላል። ለታንኳ ወለል ዕቃ የሚመርጥ ሰው ስለ ጥንካሬ ከመጠየቁ በፊት ስለ ቅለት ይጠይቃል፤ ቅለቱም ስንት ቀን እንደሚቆይ ማወቅ አለበት።

ደንገል በዕፀዋት ሊቃውንት ዘንድ ሳይፐረስ ፓፒረስ የሚባለው፣ በጥንታዊት ግብፅ የመጻፊያ ወረቀት የተሠራበት ተክል ነው። በረግረግ ዳር ከአራት እስከ አምስት ሜትር ይቆማል፤ አገዳው ሦስት ማዕዘን አለው። ውጫዊ ቅርፊቱ አረንጓዴ፣ ለስላሳና ጠንካራ ሲሆን ውስጡ እንደ ሰፍነግ ቀዳዳ የበዛበት ነጭ ልብ ነው። ተክሉን ለታንኳ ተፈላጊ ያደረገው የእነዚህ የሁለቱ ጠባይ ተቃራኒ መሆን ነው፤ ልቡ አየር ይይዛል፣ ቅርፊቱም ውሃ ፈጥኖ እንዳይገባ ይከለክላል። ድካሙ ያለው በተቆረጠበት ጫፍና ቅርፊቱ በተላጠበት ስፍራ ነው። ውሃ የሚገባው በዚያ ነውና፣ አገዳው ሳይሰበርና ሳይቀጠቀጥ መታሰሩ፣ ጫፉም ከውኃው ወለል ከፍ ብሎ እንዲቆም መደረጉ የታንኳ ሠሪ ዋና ጥንቃቄ ነው። የታንኳው ሁለት ጫፎች መቀልበሳቸው ለማማር ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ይህን አላስተዋለም።

ለጎንና ለወለል የሚሆነው ደንገል አንድ ዓይነት ቢሆንም አመራረጡ አንድ አይደለም። ለጎን የሚውለው አገዳ መታጠፍና መቀልበስ ስላለበት ጥቂት እርጥበት የቀረው መሆን ይገባዋል፤ ፈጽሞ የደረቀ እንደሆነ በሚታጠፍበት ይሰነጠቃል። ለወለል የሚውለው ግን ቀጥ ብሎ የሚተኛ ነዶ ነው፤ ማንም አያጥፈውም፤ ስለዚህ በደረቀ መጠን ይሻላል። ገና ያልበሰለ ለጋ አገዳ ልቡ ውሃ የሞላበት በመሆኑ ሲደርቅ ይኰማተራል፤ በላዩ ሲቀመጡበትም ይጠፈጠፋል። እጅግ ያረጀው ደግሞ ቅርፊቱ መላላጥ ጀምሯል። ለወለል የተመረጠው እንግዲህ በሁለቱ መካከል ያለው፣ ወፍራምና ጎልማሳው አገዳ ነው። ማሰሪያው ከዛፍ ልጥ ወይም ከራሱ ከደንገሉ ቅርፊት ሲሆን ከሚታሰረው ነገር ጋር አብሮ ይረጥባል፣ አብሮም ይደርቃል። ይህ ቀላል የሚመስል ነገር በኋላ እንደሚታየው ከፍ ያለ ዋጋ አለው።

ሸምበቆም በሐይቁ ዳር ይበቅላል። ሆኖም አገዳው ክፍት ቧንቧ ነውና ሲረገጥ ይሰነጠቃል፤ ከተሰነጠቀ በኋላ አየሩን ያጣል፣ ስንጥሩም ይወጋል። ለወለል የሚሆነው በችግር ጊዜ ብቻ ነው።

የወለሉ ውፍረት ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። ወለሉ ቀጭን የሆነ እንደሆነ ጭነቱ ውሃ ይነካዋል፤ እህልና ቡናም ይበላሻል። እጅግ ሲወፍር ደግሞ ሰውና ጭነት ከፍ ብለው ስለሚቀመጡ ጠባቡ ታንኳ በማዕበል ጊዜ ለመገልበጥ ይቀርባል፤ በጣና ላይ ከሰዓት በኋላ የሚነሣውን ነፋስ የሚያውቅ ሰው ይህን በቀላሉ አያየውም። በጭነቱም ዓይነት ይለያያል። ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ሲመላለስ የኖረው የማገዶ እንጨት ርዝመቱ በወለሉ ሁሉ ላይ ይዘረጋልና ክብደቱን ራሱ ያካፍላል። የወፍጮ ድንጋይ ግን በአንድ ስፍራ ተጭኖ ነዶውን ይጨፈልቃል፤ የተጨፈለቀ ነዶ ደግሞ ቢደርቅም ወደ ቀድሞ መልኩ አይመለስም። ስለሆነም ወለሉ ከታንኳው ጋር አንድ ሆኖ ሳይሰፋ እንደ ልብ የሚነሣ መሆኑ ትልቅ ብልኀት ነው፤ ታንኳው ወደ ዳር ሲጎተት ወለሉ ለብቻው ወጥቶ ፀሐይ ይመታዋል፣ በከፊል ሲያረጅም የከፋው ነዶ ብቻ ይለወጣል። በውሃ ውስጥ ውሎ የሚያድር ታንኳ ቶሎ ይከብዳል፤ እየወጣ የሚደርቅ ግን ለወራት ያገለግላል።

ይህ አሠራር የቆየ ለመሆኑ የጽሑፍ ምስክር አለ (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናት በአውሮጳውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው)። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የመጡት የኢየሱሳውያን ማኅበር ሰዎች በደንብያ ባሕር ላይ የሚሄደው መጓጓዣ ከእንጨት ሳይሆን በዳርቻው ከሚበቅለው ወፍራም ቄጠማ መሰል ተክል እንደሚሠራ፣ ስሙም ታንኳ እንደሚባል ጽፈዋል። በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ስለ ደንገል ለብቻው ሐተታ ሰጥቷል። በዚያም የግራር እንጨት ከታች እንደ አከርካሪ እንደሚጋደም፣ ደንገሉ ተሰፍቶ ከእርሱ ጋር እንደሚያያዝ፣ በሁለቱም ጫፍ ተሰብስቦ እንደሚታሰር ይተርካል። ከዚህ ቃል ልብ ሊባል የሚገባው እንጨቱ የገባበት ምክንያት ነው። ግራር ከባድ እንጨት ነው፤ ለመንሳፈፍ አይረዳም። የገባው ታንኳው ወገቡ እንዳይጎብጥ ለማቅናት እንጂ ለወለልነት አይደለም። ሰው የሚቀመጥበት ደንገል፣ ታንኳውን የሚያቀናው እንጨት፤ የሥራ ክፍፍሉ ግልጽ ነው።

ይህን ክፍፍል የለወጡት ዐፄ ቴዎድሮስ ነበሩ። በ1866 ንጉሠ ነገሥቱ ዘጌ ላይ በሠፈሩበት ወቅት፣ በእንግሊዝ መንግሥት ከተላኩት መልእክተኞች አንዱ የነበረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ፣ የእንፋሎት መርከብን በመምሰል ስለ ተሠሩ ታላላቅ ታንኳዎች ጽፎልናል። እንደ እርሱ አተራረክ አካላቸው እንደ ተራው ታንኳ ከደንገል ሆኖ ከላይ የእንጨት ወለል ተዘርግቶባቸው፣ በጎንና በጎናቸውም በእጅ የሚዞሩ መንኰራኵሮች ተገጥመውላቸው ነበር። የመንኰራኵር ዘንግ በደንገል ነዶ ላይ ሊጸና አይችልምና ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ሳንቃ የግድ ነበር። ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ የመድፍ ሥራ ብዙ ሲነገር ይህ ጉዳይ ተረስቶ መቅረቱ ያሳዝናል፤ ንጉሡ የአገሩን ዕቃ ሳይንቁ አዲስ ነገር ሊጨምሩበት መሞከራቸው እዚህ ላይ ከመድፉ ይልቅ ጎልቶ ይታያልና።

ከ1925 ጀምሮ በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺዝማን በ1936 ባሳተመው የጣናና የዓባይ መጽሐፉ ዘመን ታንኳ ገና የሐይቁ ዋና መጓጓዣ ነበር። የሞተር ጀልባ በብዛት የታየው ከኢጣልያ ወረራ ወዲህ ነው። በ1986 ደግሞ በሞተር ጀልባና በናይለን መረብ የሚደረገው ዓሣ ማጥመድ ተጀመረ።

የታንኳን ጥበብ ከሁሉ ይልቅ ጠብቀው የኖሩት ነገደ ወይጦ ናቸው፤ ምንም እንኳ የባላገሩ ሕዝብና የገዳማቱ ሰዎችም በታንኳ ቢጠቀሙ። ወይጦዎች ጉማሬ አዳኞች ነበሩ። ሃይማኖታቸው እስልምና ሆኖ ሳለ የጉማሬን ሥጋ ስለሚበሉ ከክርስቲያኑም ከእስላሙም ጎረቤት ተገልለው ኖረዋል። የቀድሞ ቋንቋቸው ጠፍቶ አፋቸው አማርኛ ሆኗል። አብሯቸው ማዕድ የማይቆርስ ጎረቤት እነርሱ በሠሩት ወለል ላይ እህሉንና ልጆቹን አስቀምጦ ሐይቁን መሻገሩ ግን አልቀረም። እርሻ መሬት ያልነበራቸው እነዚህ ሰዎች ደንገሉን እንደ ማሳቸው ያዩት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ታንኳውም፣ የሚሸጡት ቅርጫትና ሰሌንም ከውሃ ዳር ተክል የሚወጣ ነውና። የደንገል መጥፋት ለሌላው የአንድ ተክል መጥፋት ሲሆን ለእነርሱ የኑሮ መሠረት መናድ ነው።

ደንገል በውሃ ውስጥ ምን ያህል ይቆያል የሚለውን ክርክር የፈተነው ሰው ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል ነው። ከጣና የተቆረጠ ደንገል ወደ ግብፅ አስወስዶ በፒራሚዶቹ አጠገብ ከቻድ ሐይቅ በመጡ የቡዱማ ሰዎች «ራ» የተባለችውን መርከብ አሠራ፤ እርስዋም በግንቦት 1969 ከሞሮኮ ተነሥታ አትላንቲክን ከመጨረስዋ በፊት ከኋላዋ እየሰጠመች ተፈታታች። በ1970 ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ አራት የአይማራ ሰዎች ከዚሁ ከኢትዮጵያ ደንገል ሁለተኛይቱን «ራ» ሠሩ፤ ይህችኛይቱ በ57 ቀን ባርባዶስ ደረሰች። ዕቃው አንድ ነበር፤ የተለየው አሠራሩና አስተሳሰሩ ነው። ወጥሮ የታሰረ ነዶ አገዳው ከአገዳው ጋር ተጣብቆ ለውሃ መግቢያ አይተውም። ለጣና ታንኳ ወለልም የሚሠራው ሕግ ይኸው ነው።

በዘመናችን የሚያስቸግረው የአስተሳሰሩ ጉዳይ ሳይሆን የዕቃው መመናመን ነው። የጨረጨራ ግድብ በ1996 ከተሠራ ወዲህ የሐይቁ ውኃ ከፍታና ዝቅታ በሰው እጅ ገባ። በ2003 ውኃው እጅግ ዝቅ ባለ ጊዜ መርከቦች መንቀሳቀስ አቅቷቸው ነበር፤ የተራቆተው ዳርቻም እየታረሰ የደንገሉ ስፍራ ማሳ ሆነ። በ2011 እምቦጭ የተባለው መጤ አረም ታየ። ዩኔስኮ በ2015 ጣናን በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቦታል፤ የባሕር ዳር ከተማ መስፋት ግን በዚያ አላቆመም።

ደንገል የራቀበት ባለታንኳ እንግዲህ በምን ይተካዋል? በደቡብ፣ በዓባያ ሐይቅ፣ የጊዲቾ ሰዎች እጅግ ቀላል ከሆነ የውሃ ዳር ዛፍ ግንድ መንሳፈፊያ ይሠራሉ። ይህ እንጨት ለጣና ቢገኝ ኖሮ ከሁሉም በተሻለ ነበር። በቅርብ የሚገኘው ግን ባሕር ዛፍ ነው። ርካሽነቱና ቀጥተኛነቱ ያጓጓል፤ ወፍጮ ቢጫንበትም አይጨፈለቅም። ነገር ግን ደረቁ እንኳ ከደንገል በብዙ እጥፍ ይከብዳል፣ ውሃ ሲጠጣም ክብደቱ ይጨምራል፤ ለመንሳፈፍ ከመርዳት ይልቅ ከጭነቱ ድርሻ ይወስዳል። ከዚህ የባሰው ጉዳቱ ወዲያው አይታይም። የሚከብድ ሳንቃ በየምሽቱ አይነሣም፤ ያልተነሣ ወለል ከበታቹ ያለውን ደንገል ፀሐይና ነፋስ ይከለክለዋል። ስለዚህ ከላይ ጠንካራ ሆኖ የሚታየው ታንኳ ከታች እየበሰበሰ ይሄዳል። በልጥ ፈንታ የናይለን ገመድ መጠቀምም ተመሳሳይ ጠባይ አለው፤ ናይለን አይበሰብስም፣ ነገር ግን ቀጭንና የማይለዝብ በመሆኑ የአገዳውን ቅርፊት ይቆርጣል፤ በተቆረጠውም በኩል ውሃ ይገባል። ልጥ ግን ከነዶው ቀድሞ ያልቃል እንጂ ነዶውን አያቈስልም።

እንጨት መጨመሩ ግድ በሆነበት ጊዜ የሚሻለው ወለሉን በሙሉ ሳንቃ ማድረግ ሳይሆን፣ ብሩስ እንዳየው ያለ ክፍፍል ነው፤ ጥቂት ቀጫጭን አጣና ከባዱ ጭነት በሚያርፍበት ስፍራ ብቻ አግድም ተጋድሞ፣ ከበታቹ የደንገሉ ነዶ ሳይጎድል ይቀራል። አጣናው ሳይታሰር የሚነሣ ከሆነም ምሽት ላይ መጀመሪያ እርሱ ይወጣል፣ ቀጥሎ ነዶው፣ በመጨረሻ ታንኳው በአፉ ተደፍቶ ውሃው ይንጠፈጠፋል።